ሥልጣን በጉባኤ፦ ስለ ፕሬስቢተሪ አሠራር የቀረበ ዲስኩር



 ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በ1706 ሰባት መጋቢዎች ፊላደልፊያ ላይ ተሰባስበው በአሜሪካ ምድር የመጀመሪያውን ፕሬስቢተሪ፣ ማለትም የአንድ አካባቢ አጥቢያዎችን የሚያስተዳድር ጉባኤ፣ መሠረቱ። ግንባር ቀደሙ ከአየርላንድ የመጣው ፍራንሲስ መከሚ ነበር። የቃለ ጉባኤ መዝገባቸው እስከ ዛሬ ተጠብቆ ቆይቷል፤ የመጀመሪያው ቅጠል ግን ጠፍቷል። ጉባኤው እንዴት እንደተከፈተ፣ ማን ምን እንዳለ የሚነግረን ገጽ የለንም። በእጃችን ያለው መዝገብ የሚጀምረው ከመካከል ነው፦ ጆን ቦይድ የተባለ ለአገልግሎት የታጨ ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ያዘጋጀውን ጽሑፍ አቀረበ፣ ጉባኤውም ሰምቶ ተቀበለው ይላል። የዚህ አካል ሥራ ሆኖ የተረፈልን የመጀመሪያው ነገር እንግዲህ አንድን ሰው መመርመሩ ነው። መጋቢን ማን ይመረምራል? መጋቢስ የሚጠየቀው ለማን ነው? ፕሬስቢተሪ የሚባለው ነገር ሁሉ የተገነባው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ላይ ስለሆነ፣ እኔም ንግግሬን የማያይዘው በእነሱው ነው።

ጉዳዩ እኛን የሚነካበትን ምክንያት ልናገር። እዚህ ዋሽንግተንና አካባቢዋ ከምናመልክባቸው ሕንፃዎች ብዙዎቹ የሌላ ቤተ እምነት ናቸው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ተከራይተን ወይም ተፈቅዶልን እንገባለን። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የፕሬስቢቴሪያን ናቸው፤ ዋና ከተማዋንና በዙሪያዋ ያሉ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ አብያተ ክርስቲያናትን የሚያስተዳድረው አካል ናሽናል ካፒታል ፕሬስቢተሪ ይባላል። የሚያስተናግደን ቤት በማን እንደሚተዳደር ማወቅ ተገቢ ነው። ግን የሚበልጥ ምክንያትም አለ። በስደት ያሉ አብያተ ክርስቲያኖቻችን ሲከፈሉ ሁላችንም አይተናል። ብዙ ጊዜ የሚያከፋፍላቸው ትምህርተ ሃይማኖት አይደለም። መጋቢውና ሽማግሌዎቹ ይቃቃራሉ፤ ሁለቱንም ጠርቶ የመስማት ሥልጣን ያለው ሦስተኛ ወገን የለም፤ ከዚያ አንዱ የበሩን ቁልፍ ይለውጣል፣ ሌላው ጠበቃ ይይዛል። ልጆቻችን ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ዛሬ ስለ ሌሎች ቤት አሠራር የምናገረው ይህ ስለሚያሳዝነኝ ነው።

አሁን ወደ አወቃቀሩ። የማወራው በአሜሪካ ትልቁ ስለሆነው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ነው፤ በ1983 የሰሜኑና የደቡቡ ክፍሎች ተዋህደው የመሠረቱት ነው። አራት ዓይነት ጉባኤዎች አሉት። በአጥቢያ ደረጃ ምእመናን የመረጧቸው ሽማግሌዎች ከመጋቢው ጋር የሚቀመጡበት የሽማግሌዎች ጉባኤ አለ። የአንድ አካባቢ አጥቢያዎች በአንድነት ፕሬስቢተሪ ይሆናሉ። በርካታ ፕሬስቢተሪዎችን የሚያቅፈው ሲኖዶስ ነው። ከሁሉ በላይ በየሁለት ዓመቱ የሚሰበሰበው ጠቅላላ ጉባኤ ይገኛል። ዛሬ 16 ሲኖዶሶችና ከ160 በላይ ፕሬስቢተሪዎች አሉ። በዚህ ሥርዓት ሲኖዶስ የጳጳሳት ጉባኤ አይደለም፤ በአባልነትም እኩል ቁጥር ያላቸው መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል። ስለ ሲኖዶስ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የዚህ ቤተ ክርስቲያን ወገብ ፕሬስቢተሪው ነውና።

የሥርዓት መጽሐፉ እንደሚያዘው አንድ ፕሬስቢተሪ ለመቆም ቢያንስ 10 የሽማግሌዎች ጉባኤዎችና 10 መጋቢዎች ያስፈልጉታል። በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ መደበኛ ስብሰባ ማድረግ አለበት፤ ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ይሰበሰባሉ። የምልዐተ ጉባኤውን ቁጥር ራሱ ይወስናል፤ ነገር ግን ከሦስት መጋቢዎችና ከሦስት የተለያዩ አጥቢያዎች ከመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ሊያንስ አይችልም። መጋቢዎች ብቻቸውን ተሰብስበው ሊወስኑ እንደማይችሉ ልብ በሉ። አንድ መቶ መጋቢዎች ቢገኙና ሽማግሌዎች ባይመጡ ስብሰባው አይከፈትም።

ድምፅ የሚሰጡትም በእኩል ቁጥር ነው። መጋቢዎች በቦታቸው አባላት ናቸው። እያንዳንዱ አጥቢያ ደግሞ ሽማግሌ መርጦ ይልካል፤ ትልቅ አጥቢያ ከአንድ በላይ ይልካል። ጡረታ የወጡ መጋቢዎች አባልነታቸውንና ድምፃቸውን ይዘው ስለሚቆዩ፣ የመጋቢዎቹ ቁጥር በጊዜ ብዛት ከሽማግሌዎቹ ይበልጣል። ሥርዓቱ ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም፤ ሚዛኑ እስኪመለስ ድረስ ተጨማሪ ሽማግሌዎች እንዲወከሉ ያደርጋል። ስለዚህ ከጠበቃው፣ ከነርሷ፣ ከጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌርና ከቤት እመቤቷ የተውጣጣ ግማሽ ጉባኤ፣ ሴሚናሪ ከጨረሰው ግማሽ ጋር እኩል ይመክራል፣ እኩል ይወስናል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ሽማግሌው ከአጥቢያው መልእክት ተቀብሎ የሚሄድ ተላላኪ አይደለም። ወገኖቹ «እንዲህ ብለህ ድምፅ ስጥ» ብለው ሊያስሩት አይችሉም። የሚጠበቅበት ጸልዮ፣ አዳምጦ፣ ከሌሎች ጋር ተከራክሮ የክርስቶስን ፈቃድ መፈለግ ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ይዞት የገባው ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ከተለወጠ አያፍርበትም። እኛ ዘንድ በአብዛኛው የሚታየው ግን ከስብሰባው በፊት በስልክ ያለቀ ውሳኔ ነው፤ ስብሰባው ማጽደቂያ ብቻ ይሆናል። የሽማግሌው ሕሊና ነጻ ካልሆነ ጉባኤ ተብሎ የተሰበሰበው ሕዝብ ከቆጠራ አያልፍም።

አሁን ዋናው ነጥብ ጋ ደርሰናል። የአንድ ፕሬስቢቴሪያን መጋቢ የአባልነት መዝገብ የሚገኘው በአጥቢያው ውስጥ አይደለም። መጋቢው የሚያገለግላቸው ምእመናን አባል ሳይሆን የፕሬስቢተሪው አባል ነው። በየእሑዱ የሚሰብክበት ቤት፣ የሚያጠምቃቸው ሕፃናት፣ የሚቀብራቸው ሽማግሌዎች የእሱ ኃላፊነት ናቸው፤ ስሙ የተጻፈው ግን ሌላ መዝገብ ላይ ነው። መጀመሪያ ስሰማው ለእኔም ቀዝቃዛ ነገር መስሎኝ ነበር፤ እረኛ ከመንጋው መዝገብ ውጭ እንዴት ይሆናል ያሰኛል። ነገሩን ሲያጠኑት ግን ሁለት በደሎችን ባንድ ጊዜ የሚከላከል ሆኖ ይገኛል። መጋቢው ምእመናኑን የግል ርስቱ ሊያደርጋቸው አይችልም፤ ምክንያቱም ጥሪውን ያጸደቀው፣ ሊያነሣውም የሚችለው፣ ከእነርሱ ውጭ ያለ አካል ነው። ምእመናኑም በአንድ ስብከት ስለተቆጡ ወይም አንድ ሀብታም አባል ስላኮረፈ ብቻ መጋቢውን በማግስቱ ሊያባርሩት አይችሉም። መጋቢው መራራውን እውነት የሚሰብክበት ጉልበት ከዚህ ይመጣል። ይህች አንዲት ድንጋጌ ብትወጣ ቀሪው መዋቅር ሁሉ የወረቀት ጌጥ ይሆናል ብዬ አምናለሁ።

መጋቢ ሲለቅ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። ምእመናኑ ከራሳቸው መካከል መጋቢ አፈላላጊ ኮሚቴ ይመርጣሉ። በመሀል ጊዜ የሚያገለግል መጋቢ ይመደባል፤ ይህ ሰው በደንቡ ቀጣዩ ቋሚ መጋቢ መሆን አይችልም። እንዲሆን ከተፈለገ ከፕሬስቢተሪው ሦስት አራተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ደንቡ ያለ ምክንያት አልተጻፈም፤ በጊዜያዊነት የገባ ሰው ወንበሩን እያሰበ ካገለገለ፣ የቆሰለውን ማኅበር ከማከም ይልቅ ደጋፊ መሰብሰብ ይጀምራል። አፈላላጊዎቹ ሰው ሲያገኙ ምእመናኑ በድምፅ ይጠሩታል። ጥሪው ግን በዚህ አያልቅም። ደመወዙ፣ የጡረታና የጤና መድኅኑ፣ የዕረፍትና የጥናት ጊዜው ሳይቀር በፕሬስቢተሪው ታይቶ መጽደቅ አለበት። በሳንቲም ቀጥሮ መጋቢን ማስራብ ወይም ከመጠን በላይ ማሞላቀቅ የአጥቢያው የግል ጉዳይ ተደርጎ አይታይም።

የለቀቀው መጋቢስ? ቤቱን እዚያው ሰፈር ቢያደርግ እንኳን፣ በቀድሞ አጥቢያው ገብቶ ሠርግ ማጋባትም ሆነ ቀብር መምራት አይችልም፤ አሁን የሽማግሌዎቹን ጉባኤ የሚመራው ሰው ሲጋብዘው ብቻ ይገባል። ጭካኔ የሚመስለው ይኖራል። ሃያ ዓመት ያጽናናት እናት ስትሞት እንዳይቀብራት መከልከል ከባድ ነው። ነገር ግን አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መጋቢ ሲኖር፣ አንዱ በይፋ፣ ሌላው በቡና ላይ፣ ምን እንደሚሆን በየሰፈራችን አይተነዋል።

ይህን ሁሉ የሚከታተለው የአገልግሎት ኮሚሽን የሚባለው ክፍል ነው፤ ከፕሬስቢተሪው ክንፎች ሁሉ ብዙ የሚደክመው እሱ ነው። አባላቱ መጋቢዎችና ሽማግሌዎች ናቸው። አጥቢያ ውስጥ ጠብ ሲነሣ ሄደው ሽማግሌዎቹን ለብቻ፣ መጋቢውን ለብቻ፣ ከዚያም ባንድ ላይ ይሰማሉ። ምእመናኑ መጋቢው እንዲነሣ ድምፅ ቢሰጡም ግንኙነቱ የሚፈርሰው ፕሬስቢተሪው ሲያጸድቅ ነው፤ መጋቢው ካልተስማማ ሁለቱም ወገን ይደመጣል። ነገሩ ከከፋና የአጥቢያው ሽማግሌዎች ጉዳያቸውን ማስተዳደር ካቃታቸው፣ ፕሬስቢተሪው በሚገባ መርምሮና የመናገር ዕድል ሰጥቷቸው፣ ልዩ ኮሚሽን ሰይሞ የእነሱን ሥልጣን ለጊዜው ሊረከብ ይችላል። ይህ ከባድ ሥልጣን ነው፤ በችኮላ የተሠራበትም ጊዜ ሲኖር የሚተርፈው ቁስል ነው።

ወደ አገልግሎት የሚገባውስ እንዴት ይገባል? «ተጠርቻለሁ» ያለ ሁሉ መድረክ አይወጣም። በመጀመሪያ የራሱ አጥቢያ ሽማግሌዎች ይመሰክሩለታል። ከዚያ በፕሬስቢተሪው የዝግጅት ኮሚቴ ሥር ቢያንስ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሴሚናሪ ይማራል፤ ዕብራይስጥና ግሪክኛ ያጠናል፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ይዘት፣ በአተረጓጎም፣ በትምህርተ መለኮት፣ በአምልኮና ምሥጢራት፣ በቤተ ክርስቲያን አስተዳደር የጽሑፍ ፈተናዎች ይፈተናል። ፈተናዎቹ የሚታረሙት ስሙን በማያውቁ ሰዎች ነው።

የመጨረሻው በር የጉባኤው ወለል ነው። በአዳራሹ መካከል ማይክሮፎን ይቆማል። ዕጩዋ አንድ ገጽ ገደማ የሚሆን የእምነት መግለጫዋን ታነባለች፤ ወረቀቱ አስቀድሞ ለሁሉም ታድሏል፣ በየጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ የተሰመረበት ይታያል። ከዚያ ሰብሳቢው መድረኩን ለጥያቄ ይከፍታል። ስመ ጥሩ የሴሚናሪ ምሩቅ ይጠይቃታል፤ ቀጥሎ ከገጠር አጥቢያ የመጡ አንዲት ሽማግሌ ተነሥተው «ልጁ የሞተበት ሰው ቤት ገብተሽ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት ምን ትያለሽ?» ይላሉ። ከባዱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሁለተኛዋ ወገን ነው። ጥያቄው ሲበቃ ዕጩዋ ከአዳራሹ ትወጣለች፤ ጉባኤው በሌለችበት ይወያያል፣ ድምፅ ይሰጣል። ስትመለስ አዳራሹ ቆሞ ያጨበጭባል። አንዲት ሴት በዚህ በር መግባት የቻለችው ብዙ ትግል አልፎ ነው፤ ይህ ቤት በሰሜኑ ክፍሉ ሴቶችን ሽማግሌ አድርጎ መሾም የጀመረው በ1930፣ መጋቢ አድርጎ መሾም የጀመረው በ1956 ነበር።

ታዲያ አለቃው ማነው? ፕሬስቢተሪው ሰብሳቢ ይመርጣል፤ በብዙ ቦታ ለአንድ ዓመት ብቻ። ሰብሳቢው መጋቢም ሽማግሌም ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ስብሰባውን በሥነ ሥርዓት መምራት ነው። ዋና ጸሐፊው የመጋቢዎችን መዝገብና ቃለ ጉባኤውን ይጠብቃል፣ ደንብ ምን እንደሚል ሲጠየቅ ያስረዳል። ብዙ ፕሬስቢተሪዎች የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያስተባብር ደመወዝተኛ ኃላፊም ይቀጥራሉ፤ መጋቢዎችን ይጎበኛል፣ ያማክራል፣ ያበረታታል። ሆኖም መጋቢን በፊርማው ሊያዛውር አይችልም፤ ጳጳስ አይደለም። የመሾምም የመሻርም ሥልጣን ያለው በጉባኤው እጅ ነው፤ ጉባኤው ሲበተን ማንም ኪሱ ከቶት ወደ ቤቱ አይሄድም።

ይህ አቋም በርካሽ አልተገኘም። ስኮትላንድ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን መሪው አንድሩ ሜልቪልና ባልደረቦቹ በ1578 የአስተዳደር መጽሐፋቸውን አጸደቁ፤ በ1581 የመጀመሪያዎቹ 13 ፕሬስቢተሪዎች እንዲቋቋሙ ታቀደ፤ በ1592 ፓርላማው በሕግ አወቃቀሩን ተቀበለ። ንጉሥ ጄምስ ግን አልወደደውም። ጳጳስን የሚሾም ንጉሥ ቤተ ክርስቲያንን በአንድ ሰው በኩል ይይዛል፤ ሃምሳ ሰው የሚመክርበትን አዳራሽ መያዝ ይቸግራል። በኋላ የእንግሊዝን ዙፋን ሲወርስ በ1604 ጳጳስ ከሌለ ንጉሥም የለም ብሎ ተከራክሯል። እርሱም ልጁም ጳጳሳትን በስኮትላንዶች ላይ ለመጫን ሞከሩ፤ በ1638 የግላስጎው ጠቅላላ ጉባኤ ጳጳሳቱን ሻራቸው፤ ጦርነት ተከተለ። እስከ ዛሬ ፕሬስቢቴሪያኖች በብዙ ቦታ ሰብሳቢያቸውን በየዓመቱ ሲቀይሩ፣ ያ ታሪክ በደማቸው ስላለ ነው።

ስለ ቃለ ጉባኤም ልናገር፤ የሚያሰለች ነገር ይመስላል፣ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ክፍል ነው። በየዓመቱ እያንዳንዱ አጥቢያ የቃለ ጉባኤ መዝገቡን ይዞ ለፕሬስቢተሪው ምርመራ ያቀርባል። የሌላ አጥቢያ ጸሐፊዎች ተቀምጠው ገጽ በገጽ ያነባሉ፦ ስብሰባው በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ተዘግቷል? ምልዐተ ጉባኤ ነበር? ቅዱስ ቁርባን መቼ መቼ ተሰጠ? የአባላት መዝገብ ታርሟል? ሒሳቡ ተመርምሯል? ጉድለት ከተገኘ ይጻፋል፣ እንዲታረምም ይጠየቃል። የፕሬስቢተሪውን መዝገብ ደግሞ ሲኖዶሱ ያያል። በጨለማ የሚሠራ ቤት የለም። መዝገቧን ለሌላ ሰው ዓይን የምታሳይ ስንት ቤተ ክርስቲያን አለችን?

በዚያው መዝገብ ላይ የተሸናፊው ወገን ቦታ አለው። ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ካለፈ በኋላ ያልተስማማ አባል ስሙን በልዩነት ማስመዝገብ ይችላል። ከዚያ አልፎ ውሳኔው ስሕተት ነው ብሎ ካመነ ምክንያቱን ጽፎ ተቃውሞ ያቀርባል፤ ቋንቋው የጨዋ ከሆነ ጽሑፉ በቃለ ጉባኤው ውስጥ ይገባል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መዝገቡን የሚገልጥ ሰው ማን አሸነፈ ብቻ ሳይሆን ማን ለምን አልተስማማም የሚለውንም ያነባል። ሰው ተሸንፎ ሳይዋረድ፣ ቤቱን ጥሎ ሳይሄድ አብሮ እንዲቀመጥ የሚያደርግ መንገድ ነው። እኛ ባህላችን በሽምግልና የበለጸገ ነው፤ ነገር ግን «ልዩነቴን መዝግቡልኝ» ብሎ በሰላም አብሮ መቀጠልን አልለመድነውም፤ ሁሉም እሺ እስኪል እንጠብቃለን፣ ያላለውም ይሄዳል።

ዲሲፕሊን የሚጠይቅ ክስ ሲኖር፣ ፕሬስቢተሪው ከራሱ የመረጠው ቋሚ የዳኝነት ኮሚሽን ይሰማዋል፤ እዚህም መጋቢና ሽማግሌ ይቀላቀላሉ። ይግባኝ ወደ ሲኖዶሱ፣ ከዚያም ወደ ጠቅላላ ጉባኤው ኮሚሽን ይሄዳል። ስለ ገንዘብ ብዙ አልልም፤ አጥቢያዎች በአባላት ቁጥር ልክ የታሰበ መዋጮ ይልካሉ፣ ከዚያም ለላይኞቹ ጉባኤዎች ይተላለፋል።

ንብረት ግን ሊታለፍ አይገባም። የአጥቢያው ሕንፃ ስመ ሀብቱ በአጥቢያው ቢመዘገብም፣ ለጠቅላላዋ ቤተ ክርስቲያን በአደራ እንደተያዘ ይቆጠራል። ያለ ፕሬስቢተሪው የጽሑፍ ፈቃድ መሸጥ፣ በዕዳ ማስያዝ አይቻልም። ከአሥር ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ብዙ አጥቢያዎች በትምህርት ልዩነት ሲወጡ ይህ አንቀጽ መራራ ክርክር አስነሥቶ ነበር። አንዳንድ ፕሬስቢተሪዎች ተደራድረው በሰላም ሸኝተዋል፤ አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ደርሰዋል። የአደራው ሐሳብ ግን ትክክል ነው እላለሁ፤ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው የሠሩትን ቤት በአንድ እሑድ በተቆጣ ጉባኤ አብላጫ ድምፅ መከፋፈል አይገባም።

ፕሬስቢተሪ ወደ ታች ብቻ አይመለከትም፤ ወደ ላይም ሥልጣን አለው። ጠቅላላ ጉባኤው የሥርዓት መጽሐፉን ብቻውን ሊለውጥ አይችልም፤ ከፕሬስቢተሪዎቹ አብላጫዎቹ ማጽደቅ አለባቸው። የእምነት መግለጫ ለመጨመር ደግሞ ሁለት ሦስተኛዎቹ ይጠየቃሉ፣ ከዚያም ቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ እንደገና ድምፅ ይሰጥበታል። የቤልሃር መግለጫ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። መግለጫው በአፓርታይድ ዘመን በደቡብ አፍሪካ ከቅይጥ ዘር ምእመናን ቤተ ክርስቲያን የወጣ፣ የዘር ልዩነትን በወንጌል ስም ማጽደቅን የሚያወግዝ ነው፤ በ1982 ተረቅቆ በ1986 ጸደቀ። የአሜሪካው ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 ተቀብሎ ወደ ፕሬስቢተሪዎቹ ላከው። ያኔ 173 ፕሬስቢተሪዎች ስለነበሩ 116 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። 108 ደገፉት፣ 63 ተቃወሙት፤ ወደቀ። ብዙዎች አዘኑ። ሆኖም መንገዱ እንደገና ተጀመረ፤ በየአካባቢው ሰዎች መግለጫውን አጠኑ፣ ከደቡብ አፍሪካ ሰዎች ጋር ተወያዩ፣ ሁለተኛ ዙር ድምፅ ተሰጠ፤ በዚህኛው አለፈ። በ2016 ፖርትላንድ ላይ ጠቅላላ ጉባኤው አጸደቀው። ስድስት ዓመት ፈጀ። በአንድ መሪ ትእዛዝ ቢሆን በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ በየአዳራሹ የተቀመጠው ሽማግሌ ግን መግለጫውን የራሱ አያደርገውም ነበር።

ሥርዓቱ ጉድለት የለውም አልልም። ይዘገያል። ኮሚቴው ይበዛል፣ ሰው ይደክማል። ሮበርት የተባለ ሰው በ1876 ያሳተመውን የስብሰባ ደንብ የሚከተል ስብሰባ፣ ደንቡን በቃሉ ለያዘ ሰው ያደላል። እንግሊዝኛው ያልተስተካከለለት ስደተኛ ሽማግሌ እጁን እስኪያነሣ ድረስ ጉዳዩ አልፎ ይሄዳል። ይህን የተመለከቱ የኮሪያ ምእመናን ከ1980ዎቹ ጀምሮ በክልል ሳይሆን በቋንቋ የተደራጁ ፕሬስቢተሪዎች እንዲፈቀዱላቸው ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። የዳኮታ ተወላጆችም የራሳቸው ፕሬስቢተሪ አላቸው። የኮሪያዎቹ መንገድ አከራካሪ ነበር፤ በቋንቋ መለየት ልጆቹ ሲያድጉ ምን ያተርፋል የሚል ጥያቄ አለበት። ለእኛም የሚቀር ጥያቄ አይደለም።

ይህ ሥርዓት ከእኛ አገር ጋር ያለው ዝምድና ቀላል አይደለም። በ1919 ሐኪሙ ቶማስ ላምቢ ከሱዳን ተነሥቶ ሳዮ፣ ደምቢ ዶሎ ሲገባ የመጣው ከአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ነበር። በጣሊያን ወረራ ሚሲዮናውያኑ ከወጡ በኋላ ቤቱን ያቆሙት የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ከነርሱ አንዱ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት የዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ አባት ነበሩ። የውጭ ገንዘብና የውጭ አለቃ በሌለበት ዘመን ሽማግሌዎች ተሰብስበው መከሩ፣ አስተማሩ፣ ቤቱን አሳደሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1947 ራሷን ችላ ቤቴል ወንጌላዊት ተባለች፤ በ1974 ከመካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። ዛሬም የምዕራብ ወለጋ፣ የኢሉባቦርና የጋምቤላ ሲኖዶሶች ቤቴል የሚለውን ስም ይዘው ይገኛሉ። ስለዚህ ይህ የሽማግሌዎች አስተዳደር ለእኛ ባዕድ ነው የሚለኝን ሰው ደምቢ ዶሎን ተመልከት እለዋለሁ።

በመጨረሻ ጥያቄያቸውን አስቀድመው ለላኩልኝ ወጣቶች መልስ ልስጥ፤ የእኛ ዓይነቱ ኅብረት በዚህ ሥርዓት ውስጥ መግባት ቢፈልግ ምን ይገጥመዋል? ዘመኑ ለጥያቄው የተመቸ ነው። በ1983 ከ3 ሚሊዮን በላይ አባላት የነበራት ቤተ ክርስቲያን ዛሬ ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ወርዳለች፤ ፕሬስቢተሪዎች ይዋሐዳሉ፣ ሠራተኛ ይቀንሳሉ፤ ከ2012 ጀምሮ ግን ለአዳዲስ አምላኪ ማኅበረሰቦች በር ተከፍቷል፣ ከነዚህም ብዙዎቹ የስደተኞች ናቸው። ኅብረቱ ለፕሬስቢተሪው ያመለክታል፤ የሚመለከተው ኮሚቴ መጥቶ ያያል፣ ይጠይቃል፤ መጋቢው ከሌላ ቤተ እምነት የመጣ ከሆነ ትምህርቱና ሹመቱ ይመረመራል፣ የጎደለውን እንዲያሟላ ይጠየቃል። ለተወሰነ ጊዜ በፕሬስቢተሪው እንክብካቤ ሥር ይቆያል። ሲጎለምስ አባላቱ በፊርማቸው ቤተ ክርስቲያን ሆነው እንዲደራጁ ይለምናሉ፤ በዚህ ሥርዓት ለመመራት ቃል ይገባሉ፤ ፕሬስቢተሪው ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ ምእመናኑ ሽማግሌዎቻቸውን ይመርጣሉ፣ ተመራጮቹ ተምረውና ተመርምረው እጅ ይጫንባቸዋል። አዲሱ የሽማግሌዎች ጉባኤ መጀመሪያ ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱም በሚቀጥለው የፕሬስቢተሪ ስብሰባ ከሌሎቹ ጋር እኩል ድምፅ የሚሰጥ ሽማግሌ ከመካከሉ መርጦ መላክ ነው።